ከድራማው እስከ ጤና ጣቢያው ደጅ

እ.ኤ.አ. በ1969 የፔሩ ቴሌቪዥን «ሲምፕሌሜንቴ ማሪያ» የተባለ ተከታታይ ድራማ ማሳየት ጀመረ። ማሪያ ከገጠር ወደ ዋና ከተማዋ ሊማ የመጣች ልጃገረድ ናት። ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ የሀብታም ልጅ አስረግዟት ይከዳታል፤ ልጇን ብቻዋን ታሳድጋለች። ማታ ማታ ፊደል ትቆጥራለች፣ ስፌት ትለምዳለች፣ በመጨረሻም ስመ ጥር የልብስ ዲዛይነር ትሆናለች። ጣቢያው የፈለገው ተመልካችና ማስታወቂያ ብቻ ነበር። ይሁንና በሊማ ቤቶች በሠራተኛነት የሚያገለግሉ ልጃገረዶች ማሪያን እያዩ ለማታ ትምህርትና ለስፌት ኮርስ ይመዘገቡ ጀመር። የሲንገር መኪና ገበያ ደራ። ማሪያ ስትዳር ደግሞ ሠርጉ በሚቀረጽበት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ተሰበሰበ።

ማንም ያላቀደው ይህ ውጤት አፍላ ወጣቶችን ስለ ጤናቸው ለማስተማር በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ዘዴ መነሻ ሆነ። ዘዴው በሃምሳ ዓመት ውስጥ ከቴሌቪዥን ወደ ሙዚቃ፣ ወደ ራዲዮ፣ ወደ ነጻ የስልክ መስመርና ወደ እጅ ስልክ ተሻገረ፤ በመንገዱም ኢትዮጵያ ደረሰ። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የማሪያን ነገር አጥብቀው ካጤኑት አንዱ ሚጌል ሳቢዶ ነበር። ሳቢዶ ሜክሲኳዊ የቴአትር አዘጋጅ ሲሆን ቴሌቪሳ በተባለው ትልቅ የቴሌቪዥን ኩባንያ ውስጥ ይሠራ ነበር። በአጋጣሚ የሆነው ታስቦበት ቢሠራስ? ብሎ ጠየቀ። መልሱን ሲፈልግ ያገኘው የስታንፎርዱን የሥነ ልቦና ሊቅ የአልበርት ባንዱራን ሥራ ነው። ባንዱራ በ1961 ባደረገው ሙከራ ትልቅ ሰው አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ሕፃናት እነሱም ያንኑ አሻንጉሊት እንደዚያው ሲደበድቡ ታይተዋል። ሰው በተግሣጽ ከሚማረው ይልቅ እሱን የሚመስል ሰው አድርጎ ካየው ነገር የሚማረው ይበዛል የሚለው የባንዱራ አስተሳሰብ ለሳቢዶ መሠረት ሆነው።

ሳቢዶ በድራማዎቹ ውስጥ ሦስት ዓይነት ገጸ ባሕርያት አኖረ። አንደኛው መልካሙን መንገድ የያዘ፣ ሁለተኛው ክፉውን የመረጠ ነው። የዘዴው ልብ ግን በሁለቱ መካከል የሚዋልለው ሦስተኛው ነው፤ ይሳሳታል፣ ይጸጸታል፣ ተመልሶ ይወድቃል፣ ቀስ በቀስም ይለወጣል። ተመልካቹ ራሱን የሚያየው በዚህኛው ላይ ስለሆነ ለውጡ ድንገት መምጣት የለበትም። ለዚህ ነው ድራማዎቹ በወራት የሚቆጠር ጊዜ የሚወስዱት። በየክፍሉ መጨረሻ ደግሞ አጭር መልእክት ይተላለፍ ነበር፤ በድራማው የተነሣውን አገልግሎት የሚፈልግ ሰው የት እንደሚያገኘው የሚነገረው እዚያ ላይ ነው።

የመጀመሪያው «ቬን ኮንሚጎ» በ1975 ተጀመረ። ጉዳዩ የጎልማሶች ትምህርት ነበር። የመማሪያ መጻሕፍቱ የሚታደሉበት ቦታ በቴሌቪዥኑ በተነገረ ማግስት የሜክሲኮ ሲቲ መንገዶች በሰው ተጨናንቀው መኪና ማለፊያ አጣ። ድራማው በታየበት ዘመን ወደ 840,000 የሚጠጋ ሰው ለትምህርቱ ተመዘገበ። በ1977 የተከተለው «አኮምፓኛሜ» የቤተሰብ ምጣኔን አነሣ፤ ክሊኒኮችም ከወትሮው የበዛ ተገልጋይ አስተናገዱ። ከሁለቱ ድራማዎች የሚነበበው ነገር አንድ ነው። ድራማው የሰውን ልብ ያነሣሣል፤ የተነሣሣው ሰው ግን እግሩን ወዴት እንደሚያነሣ በዚያው ሰዓት ካልተነገረው ፍላጎቱ በማግስቱ ይቀዘቅዛል። ከዚያ በኋላ የመጡ ፕሮጀክቶች የተሳካላቸውም ያልተሳካላቸውም በአብዛኛው በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከድራማው ጎን ለጎን አፍላ ወጣቶችን የሚመለከት ሌላ ሙከራ ተጀመረ። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «ባርን» የተሰኘ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠሩ። ፕሮግራሙ ተማሪዎች ስለ አልኮል፣ ስለ ሲጋራ፣ ስለ ጭንቀት፣ ስለ አመጋገብና ስለ ፆታዊ ግንኙነት ማንም ሳያያቸው የሚጠይቁበት ነበር። ኮምፒውተር በትምህርት ቤት ብርቅ በነበረበት በዚያ ዘመን ተመራማሪዎቹ ያሰቡት ትክክል ነበር፤ አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ መምህሩን ፊት ለፊት የማይጠይቀውን የማያፍረውን መሣሪያ ይጠይቃል። 

ሕንድ በበኩሏ በ1984 «ሁም ሎግ» የተሰኘውን ድራማ በመንግሥት ቴሌቪዥን ማሳየት ጀመረች። 156 ክፍሎች ነበሩት። በየክፍሉ መጨረሻ ዝነኛው የፊልም ተዋናይ አሾክ ኩማር ብቅ እያለ የዕለቱን ነገር ከተመልካቹ ጋር ይጨዋወት ነበር፤ ከሕዝቡም በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ደብዳቤ ጎረፈ። ይሁን እንጂ ተመራማሪዎች ተመልካቹን ሲጠይቁ ያልጠበቁትን አገኙ። ደራሲው የሴትን ጭቆና ለማሳየት የፈጠራት ሁሉን ታግሣ የምትኖር እናት ለብዙዎች የጥሩ ሴት ምሳሌ ሆና ተገኘች። ይህ ሊናቅ የማይገባ ማስጠንቀቂያ ነበር። ተመልካች የሚቀበለው የላኩለትን ሳይሆን ራሱ የተረጎመውን ነው፤ ጽሑፉ ከመቀረጹ በፊት ለተመልካቹ ተነቦ ካልተፈተነ የታሰበው መድኃኒት በሽታውን ሊያጸና ይችላል።

በ1986 ሌላ መንገድ ተሞከረ፤ ሙዚቃ። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የላቲን አሜሪካን ወጣቶች አጥንተው የፆታ ግንኙነትን ስለማዘግየት የሚናገሩ ሁለት ዘፈኖች አስቀረጹ። ዘፋኞቹ ሜክሲኳዊቷ ታቲያናና የፖርቶ ሪኮው ጆኒ ነበሩ። «ኩዋንዶ ኤስቴሞስ ኹንቶስ» የተሰኘው ዘፈን በሜክሲኮ የሙዚቃ ሰንጠረዥ አናት ላይ ወጣ፤ ራዲዮ ጣቢያዎችም ሳይከፈላቸው ደጋግመው ለቀቁት። ብዙም ሳይቆይ በፊሊፒንስ ተመሳሳይ ሥራ ሲሠራ በማኒላ የስልክ መስመር ታከለበት። ዘፈኑን የሰማ ወጣት «ዳያል ኤ ፍሬንድ» ወደሚባለው ቁጥር ደውሎ ከሠለጠነ አማካሪ ጋር ስሙን ሳይናገር ያወራል። ዘፈኑ ልጁን ሲጠራው ስልኩ ይቀበለዋል። ተመሳሳይ የስልክ መስመር በኋላ አዲስ አበባ ላይ ተከፍቷል።

ኤች አይ ቪ አፍሪካን ባጥለቀለቀበት ዘመን ነገሩ የሞት ሽረት ጉዳይ ሆነ። በሐምሌ 1993 ራዲዮ ታንዛኒያ «ትዌንዴ ና ዋካቲ» የተባለ የስዋሂሊ ድራማ ጀመረ። ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ ምክዋጁ የተባለ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። በየደረሰበት ሴት የሚይዘው ይህ ሰው በመጨረሻ በኤድስ ይያዛል፤ ሚስቱ ቱኑ ደግሞ ራሷን ችላ መቆምን ትማራለች። የዚህን ድራማ ታሪክ ልዩ ያደረገው የተፈተነበት መንገድ ነው። የማዕከላዊቷ ከተማ የዶዶማ ማሠራጫ በድራማው ሰዓት ለሁለት ዓመት ሌላ ዝግጅት እንዲያስተላልፍ ተደረገ። ተመራማሪው ኤቨረት ሮጀርስና ባልደረቦቹ ድራማው የተሰማባቸውን አካባቢዎች ካልተሰማበት ከዶዶማ ጋር አነጻጸሩ። በተሰማበት የቤተሰብ ምጣኔ ተገልጋይ ቁጥር ጨመረ፤ በዶዶማ ባለበት ቆየ። በ1995 ድራማው ዶዶማም መሰማት ሲጀምር እዚያም ቁጥሩ ከፍ ማለት ጀመረ። ከዚያ በፊት «ድራማ ሰውን ይለውጣል» የሚለው አባባል እምነት ነበር፤ ከታንዛኒያ በኋላ በማስረጃ የሚከራከሩበት ጉዳይ ሆነ።

ደቡብ አፍሪካ በ1994 «ሶል ሲቲ»ን ጀመረች። የጀመረው ጋርዝ ጃፌት የተባለ ሐኪም ነው፤ በመድኃኒት ብቻ የማይድኑ ችግሮችን ለሕዝብ ጆሮ ማድረስ ፈለገ። በ1999 የታየው አራተኛ ዙር የቤት ውስጥ ጥቃትን ሲያነሣ ሚስቱን የሚደበድብ መምህር ደጅ ጎረቤቶች ተሰብስበው ድስት ይቀጠቅጣሉ። ድራማው ካለፈ በኋላ በአንዳንድ የድሃ ሰፈሮች ሰዎች በእውን እንዲሁ ማድረጋቸው ተሰማ። ነጻ የስልክ መስመርም አብሮ ተከፍቶ ነበር። ለትንንሾቹ «ሶል ባዲዝ» የተሰኘ ሌላ ዝግጅት ተከተለ፤ ልጆች በስሙ በየትምህርት ቤታቸው ክበብ አቋቋሙበት።

ኢትዮጵያ ውስጥ በዚያው ጊዜ ትምህርት ቤቶች የራሳቸው መሣሪያ ነበራቸው፤ ሚኒ ሚዲያ። አንድ ማጉያ፣ አንድ ማይክሮፎን፣ ግቢው ውስጥ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያና ጥቂት ደፋር ተማሪዎች በቂ ነበሩ። የፀረ ኤድስ ክበብ አባላት በእረፍት ሰዓት ግጥም ያነቡ፣ አጭር ጭውውት ያቀርቡ ነበር። የዚያ ትውልድ ልጆች ስለ ኮንዶም መጀመሪያ የሰሙት ምናልባት ከእናት ከአባታቸው ሳይሆን ከዚያ ድምፅ ማጉያ ነው። በቤት ውስጥ ነገሩ ነውር ነበረና። ይሁን እንጂ ሚኒ ሚዲያ ከግቢው አጥር አያልፍም፤ ትምህርት ቤት ያልገባች፣ ወይም ለጋብቻ ተብላ ከክፍል የወጣች ልጃገረድ አትሰማውም።

እሷን የሚደርሳት ራዲዮ ነበር። በ1994 ዓ.ም. «የቀን ቅኝት» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ በኢትዮጵያ ራዲዮ በአማርኛ መተላለፍ ጀመረ። ያዘጋጀው ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ነው። ድርጅቱን ዊልያም ራየርሰን በ1998 አሜሪካ ውስጥ የመሠረተው ሲሆን የሳቢዶን ዘዴ ለልዩ ልዩ አገሮች ያዳርስ ነበር። የኢትዮጵያውን ቅርንጫፍ የመሩት ዶክተር ነጉሤ ተፈራ ቀደም ሲል በመንግሥት የሥነ ሕዝብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የነበሩ ናቸው። ጸሐፊዎቹና ተዋንያኑ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ታሪኩም ከዚሁ አገር ኑሮ የተቀዳ። ኤች አይ ቪ፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የልጃገረዶች ትምህርት፣ ያለዕድሜ ጋብቻና ጠለፋ በአንድ ቤተሰብና በጎረቤቱ ሕይወት ውስጥ ተሸምነው ይቀርቡ ነበር። በኦሮምኛም «ዲምቢባ» የተባለ ሌላ ድራማ ተዘጋጀ።

«የቀን ቅኝት» እስከ 1997 ዓ.ም. ኅዳር ድረስ በ257 ክፍሎች ተላለፈ። ከአድማጭ ከ15,000 በላይ ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤ መጻፍ በዚያን ዘመን ቀላል አልነበረም፤ ወረቀትና ቴምብር ይገዛል፣ ፖስታ ቤት ይኬዳል፣ ፊደል የማይቆጥር ሰው ሌላውን ያስጽፋል። እነዚህ ደብዳቤዎች የዚያን ትውልድ ገመና የያዙ ትልቅ ቅርስ ናቸው። ድርጅቱ ባስጠናው ጥናት መሠረት ድራማውን ያዳመጡ ወንዶች የኤች አይ ቪ ምርመራ ያደረጉት ካላዳመጡት በአራት እጥፍ፣ ያዳመጡ ሴቶች ደግሞ በሦስት እጥፍ ይበልጥ ነበር። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ በጥንቃቄም ሊታይ ይገባል። ራዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ከማያዳምጠው ይልቅ ከመጀመሪያውም የተማረ፣ ለከተማ የቀረበ ሊሆን ይችላል። እንደ ዶዶማ ዓይነት ማነጻጸሪያ ከሌለ የድራማውን ድርሻ ከሌላው መለየት አይቻልም። ቢሆንም ከዚያን ጊዜ ወዲህ ስለ ምርመራ በየቤቱ ማውራት ቀላል መሆኑን በዘመኑ የኖረ ሰው አይክደውም።

በ2004 አዲስ አበባ ውስጥ «ወገን» የተባለው የኤድስ የስልክ መስመር ተከፈተ። ቁጥሩ 952፣ ጥሪውም ነጻ ነበር፤ የሚያነሡት በምክር አገልግሎት የሠለጠኑ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። ደዋዩ ስሙን አይጠየቅም ነበር። አብዛኞቹ ደዋዮች ወጣቶች ሲሆኑ ከእነሱም ወንዶቹ ይበዙ ነበር። ይህ የራሱ ትርጉም አለው። ክሊኒክ ገብቶ መጠየቅ የሚከብደው ጎረምሳ ጥግ ይዞ መደወል ይችላል። ልጃገረዷ ግን ስልኩ የአባቷ ወይም የወንድሟ ነው፤ ጥግ የምትይዝበት ጊዜም የላትም። መስመሩ ነጻ ሆኖ ሳለ ለሁሉም እኩል አልተከፈተም።

በዚያው ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ፕላዝማ» ገባላቸው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትምህርት በሳተላይት ይሠራጭ ነበር። ዝግጅቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተቀርጾ በእንግሊዝኛ ይቀርብ ነበር። ለመሣሪያው የወጣው ገንዘብ ከሚኒ ሚዲያው ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን የባዮሎጂው ትምህርት ስለ ሰው አካል ሲያስረዳ አንዲት ተማሪ ያልገባትን ብትጠይቅ ስክሪኑ አይመልስላትም፤ በሚቀጥለው ደቂቃ ወደ ሌላ ርዕስ ያልፋል። መምህሩም ለማብራራት የሚተርፈው ደቂቃ ጥቂት ነበር። ለጤና ትምህርት ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች የሚያስፈልጋቸው ከገለጻው በላይ መጠየቂያ ቦታ ነውና።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያለ ብዙ ጩኸት ለውጥ ያመጣው በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሳይሆን አይቀርም። በየቀበሌው ከአካባቢው የተመለመሉ ሴቶች ሠልጥነው ተመደቡ። ራዲዮ ላይ ስለ እርግዝና መከላከያ የሰማች ወጣት ከዚያ ወዲያ የምትጠይቃት፣ ቋንቋዋን የምታውቅ ሴት በቅርቧ አገኘች። ሳቢዶ በድራማው መጨረሻ በሚተላለፍ መልእክት ያደርገው የነበረውን ኢትዮጵያ በሰው አደረገችው።

በ2013 «የኛ» መጣ። ለድራማውም ለሙዚቃውም አምስት ልጃገረዶች ተመረጡ፤ አንዷ ባለጸጋ፣ ሌላዋ የጎዳና፣ ሌላዋ የገጠር እየሆኑ ይጫወቱ ነበር። ሳምንታዊው የራዲዮ ድራማ ሲያልቅ የውይይት ዝግጅት ይከተል ነበር፤ የአድማጮች ድምፅም ይሰማበት ነበር። ዘፈኖቹ በየታክሲውና በየካፌው ተሰሙ፤ ከአስቴር አወቀ ጋር የተሠራው «ጣይቱ» በተለይ ተወደደ። ያለዕድሜ ጋብቻን፣ ጥቃትንና ከትምህርት መቅረትን የሚያነሣ ሥራ እንደ ማንኛውም ዘፈን ሰው ፈልጎ የሚሰማው መሆኑ ቀላል ስኬት አይደለም።

ወጪውን ከሸፈኑት ዋነኛው የእንግሊዝ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ነበር። የለንደን ጋዜጦች ልጃገረዶቹን «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» እያሉ ዘመቻ ከፈቱ፤ ጥር 2017 ላይ ድርጅቱ ገንዘቡን አቋረጠ። ውሳኔው አሳዛኝ ነው። በእንግሊዝ ፖለቲካ የተነሣ ጠብ ባሕር ተሻግሮ አንዲት የጎጃም ልጃገረድ በየሳምንቱ የምትጠብቀውን ዝግጅት ነካ። የታዳጊዎች ጤና ትምህርት በውጭ ገንዘብ ላይ ሲንጠለጠል የሚደርሰው ይህ ነው። «የኛ» ግን አልጠፋም፤ በሌላ ድጋፍ ቀጥሎ በኋላ በቴሌቪዥን ድራማነት ተሠራ። በብሩክታዊት ጥጋቡ የሚመራው፣ «ጸሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው የልጆች ዝግጅት አዘጋጅ ድርጅትም «ጥበብ ገርልስ» የተሰኘ አኒሜሽን ሠራ። ጀግኖቹ ኢትዮጵያውያት ልጃገረዶች ናቸው፤ ከሚያነሷቸው ጉዳዮች አንዱ በወር አበባ ምክንያት ከትምህርት ቤት መቅረት ነው።

ዘዴው ጥብቁን ፈተና ያለፈው ናይጄሪያ ላይ ነው። በ2009 በኬንያ የተጀመረው፣ በኋላ ኦስካር ያገኘችው ሉፒታ ኒዮንጎ የተጫወተችበት «ኤምቲቪ ሹጋ» በ2013 ወደ ናይጄሪያ ተሻገረ። ተመራማሪዎቹ አቢጂት ባነርጂ፣ ኤሊያና ላ ፌራራና ቪክቶር ኦሮዝኮ በደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ ከተሞች 80 ማሳያ ቦታዎች አዘጋጁ። ከ18 እስከ 25 ዓመት የሆናቸው ወደ 5,000 የሚጠጉ ወጣቶች ገቡ። የትኛው ቦታ «ሹጋ»ን፣ የትኛው ሌላ ድራማ እንደሚያሳይ በዕጣ ተወሰነ። ዕጣው «የቀን ቅኝት» ላይ የተነሣውን ጥያቄ ይመልሳል፤ ሁለቱ ወገኖች ከመነሻው ተመሳሳይ ናቸውና። ከወራት በኋላ «ሹጋ»ን ካዩት መካከል የኤች አይ ቪ ምርመራ ያደረጉት ካላዩት እጥፍ ያህል ሆኑ። ክላሚዲያ የተባለው የአባላዘር በሽታ ካዩት ሴቶች መካከል ከግማሽ በላይ ቀንሶ ተገኘ። ይህ የተለካው በናሙና ምርመራ እንጂ በሰዎች ቃል አይደለም፤ ለዚህም ነው ክብደት ያለው። ተመራማሪዎቹ ጓደኛን ይዞ ማየት የተለየ ውጤት ያመጣ እንደሆነም ፈትነዋል፤ ተጨማሪ ለውጥ አላገኙም።

በ2020 ኮቪድ ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ ሚኒ ሚዲያው፣ ክበቡና የማሳያ አዳራሹ አብረው ተዘጉ። የ«ሹጋ» አዘጋጆች ከሚያዝያ ጀምሮ «አሎን ቱጌዘር» በሚል ርእስ 70 አጫጭር ክፍሎች ሠሩ፤ ተዋንያኑ በየቤታቸው ሆነው በእጅ ስልካቸው ራሳቸውን ቀረጹ። በኢትዮጵያም ለኤድስ የተከፈተው 952 ስለ አዲሱ ወረርሽኝ ለሚጠይቁ ክፍት ሆነ። ባለሙያዎቹም ስም ሳይጠይቁ ምክር በመስጠት ለዓመታት ያካበቱትን ልምድ ለሳል፣ ለትኩሳትና ለጭንቀት ጥያቄ አዋሉት።